የቢሮ ሜይል ሰርቨር ዲስክ ሲሞላ፦ የሚነካውና የማይነካው

ከጸሐፊዋ ስልክ ይመጣል። ቀጥሎ ከፋይናንስ። ቀጥሎ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ ሜይል አይገባም። ሰርቨሩ ላይ ሲገቡ ዲስኩ ቀልቷል። ይሄኔ የብዙ ቢሮ የመጀመሪያ እርምጃ «አሮጌ ሜይላችሁን አጥፉ» የሚል ማስታወቂያ መልቀቅ ነው። በቴሌግራም፤ ሜይሉማ አይሠራም። ሰዉም ሥራውን ትቶ ሲያጠፋ ይውላል። ዲስኩ ግን ንቅንቅ አይልም።

ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ በሚባለው የሜይል ሰርቨር ሶፍትዌር ላይ ዲስክ ሲሞላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው የሰው ሜይል መብዛት አይደለም። በትክክል ያልተወሰደ ባክአፕ ነው። ሜይል ማጥፋቱ በዕለቱ ዲስኩ ላይ አንዲት ሜጋባይት እንኳ አያስለቅቅም። እንዲያውም እያንዳንዱ ማጥፋት ራሱ ሎግ ላይ ስለሚጻፍ፣ ለጊዜው ነገሩን ሊያብሰው ይችላል።

ይህ መመሪያ ኤክስቼንጅን በራሱ ግቢ ለሚያስተዳድር የአይቲ ባለሙያ ነው። አንድ ሰርቨርና ከጥቂት ደርዘን እስከ ጥቂት መቶ ተጠቃሚ ያለውን ቢሮ አስቤ ነው የምጽፈው። ሥሪቱ 2016፣ 2019 ወይም አዲሱ ሰብስክሪፕሽን ኤዲሽን ቢሆን አሠራሩ ያው ነው።

መጀመሪያ፦ ምኑ እንደሞላ ማወቅ

ኤክስቼንጅ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው ነገር በጥቅሉ ሦስት ነው። አንዱ ዳታቤዙ፣ ማለትም በኢዲቢ የሚጨርሰው ትልቁ ፋይል ነው። የሰው ሜይል ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሁለተኛው የትራንዛክሽን ሎግ ነው። ሦስተኛው ልዩ ልዩ የምርመራ መዝገብ ነው፤ እሱ የሚከማቸው በአብዛኛው ሲ ድራይቭ ላይ ነው።

ሎጉን በደንብ መረዳት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማንኛውም ለውጥ፣ ሜይል መግባትም ሆነ መሰረዝ፣ በመጀመሪያ የሚጻፈው ሎግ ላይ ነው። ወደ ዳታቤዙ የሚገለበጠው ከዚያ በኋላ ነው። ባለሱቅ የቀኑን ሽያጭ በትንሿ ደብተር ይዞ ማታ ወደ ትልቁ መዝገብ እንደሚያዛውረው ማለት ነው። መብራት ድንገት ቢጠፋና ሰርቨሩ ቢወድቅ፣ ኤክስቼንጅ ሲነሳ ያልተዛወረውን ከሎጉ አንብቦ ይሞላል። ሳይዛወር ገጹን የቀደደ ሰው ሒሳቡን ከየትም አያገኘውም።

እያንዳንዱ ሎግ ፋይል ልክ 1 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ ፎልደሩን ከፍተው የፋይሉን ብዛት ቢያዩ ይበቃዎታል። 60,000 ፋይል ካለ ወደ 60 ጊጋ ገደማ እዚያ ተቀምጧል ማለት ነው። ስማቸው ኢ00 ወይም ኢ01 ብሎ ይጀምርና ረጅም ቁጥር ይከተላል። ቁጥሩ በአሥራ ስድስት መሠረት ስለሆነ መሐሉ ላይ ፊደል ቢያዩ አይደናገጡ። የፋይሎቹን ቀን በቅደም ተከተል ያድርጓቸው። የመጀመሪያው ፋይል የሦስት ወር ዕድሜ ካለው፣ ሰርቨሩ ለሦስት ወር ትክክለኛ ባክአፕ አላየም። ምርመራው እዚህ ላይ አለቀ ማለት ይቻላል።

የሎጉ ፎልደር ጥቂት መቶ ፋይል ብቻ ይዞ ዲስኩ ከሞላ ደግሞ ጉዳዩ የዳታቤዙ ነው። የሞላው ሲ ድራይቭ ከሆነ ወደ ሦስተኛው ዓይነት እንሄዳለን።

ሜይል የቆመው ለምን እንደሆነ ለማረጋገጥ የዊንዶውስ ኢቨንት ቪውወር ውስጥ አፕሊኬሽን የሚለውን ይክፈቱ። 15006 የሚል ቁጥር ካዩ፣ ኤክስቼንጅ «ቦታ ስላጣሁ አዲስ ሜይል አልቀበልም» እያለ ነው። ይህ ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ሲሆን ባክ ፕሬሸር ይባላል። ወደ እናንተ የሚልኩ ሰርቨሮች 452 4.3.1 የሚል መልስ ይደርሳቸዋል። በ4 የሚጀምር መልስ «ቆይተህ ሞክር» ማለት ነው። ስለዚህ ላኪው ሰርቨር ሜይሉን ወረፋ ላይ ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል። ዛሬ ከሰዓት ብትጠግኑት ከውጭ የተላከው አብዛኛው ሜይል ራሱ ይገባል። ይህን ለአለቃ ቀድሞ መንገር ነው፤ ጩኸቱን በግማሽ ይቀንሰዋል።

ሁለተኛ፦ ያለ ሥጋት የሚጠፋውን ማጥፋት

ዋናውን ሥራ ለመሥራት ጥቂት ጊጋ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ከሲ ድራይቭ ይጀምሩ።

የመጀመሪያው ኢኔትፐብ ውስጥ፣ ሎግስ ከዚያም ሎግፋይልስ የሚለው ፎልደር ነው። የዌብ ሰርቨሩ መዝገብ ያለው እዚያ ነው። የሠራተኛው ስልክ በየደቂቃው ሜይል በጠየቀ ቁጥር አንድ መስመር ይጨመራል። ዊንዶውስ በራሱ አያጸዳውም። ዓመታት ያስቆጠረ ሰርቨር ላይ በአሥር የሚቆጠር ጊጋ ማግኘት የተለመደ ነው። የዛሬውንና የቅርብ ሳምንቱን ትተው ሌላውን ይሰርዙ። ውስጡ ሁለት ንዑስ ፎልደር አለ፤ አንዱ የፊት ለፊቱ፣ ሌላው የኋለኛው ሳይት ነው። ሁለቱንም ይዩ።

ቀጥሎ ኤክስቼንጅ የተጫነበት ፎልደር ውስጥ ቪ15፣ ከዚያ ሎጊንግ የሚለው አለ። ስሙ «ሎግ» ስለሚል ከትራንዛክሽን ሎጉ ጋር እንዳይምታታብዎ። ይሄኛው የምርመራ መዝገብ ብቻ ነው፤ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየውን ማጥፋት ይቻላል። የዕለቱ ፋይል «በሥራ ላይ ነው» ብሎ አልጠፋ ካለ ይለፉት።

የሜሴጅ ትራኪንግ መዝገብን ግን ይተዉት። መጀመሪያውኑ ከ30 ቀን በላይ እንዳይቆይና ከ3 ጊጋ ገደማ እንዳይዘል ተገድቧል። «ደብዳቤውን ልኬያለሁ»፣ «አልደረሰኝም» የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር የሚያስታርቃችሁ እሱ ነው።

የቀረው የተለመደው ቆሻሻ ነው። ዴስክቶፕ ላይ የተረሳ የአይኤስኦ ፋይል፣ ያለፈው ዓመት ማሻሻያ መጫኛ፣ ሪሳይክል ቢን። ሰርቨር ላይ ፊልም ያገኘ ሰውም አለ።

ሰርቨሩ ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ ከዚህ ሁሉ የሚፈጥነው ዲስኩን ማስፋት ነው። ሃይፐርቪ ወይም ቪኤምዌር ላይ 50 ጊጋ ጨምሮ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ዲስክ ማኔጅመንት ገብቶ ኤክስቴንድ ቮልዩም ማለት ነው። ቪኤምዌር ላይ ስናፕሾት (የማሽኑ የቅጽበት ቅጂ) ካለ ዲስኩ አይሰፋም፤ መጀመሪያ ስናፕሾቱን መሰረዝ ይኖርብዎታል። «ስናፕሾት አለኝ፣ ባክአፕ አያስፈልገኝም» የሚል ካለ ደግሞ ይመለስ። ስናፕሾት ከዋናው ዲስክ ጋር አብሮ የሚሞት ነገር ነው።

ሦስተኛ፦ ሎጉን በባክአፕ ማስለቀቅ

ሎግ ፋይል በእጅ አይሰረዝም። ሎጉን ራሱ ኤክስቼንጅ ነው የሚያጠፋው፤ የሚያጠፋውም ሙሉ ባክአፕ መወሰዱ ሲነገረው ነው።

ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዊንዶውስ ሰርቨር ባክአፕ ለዚህ ይበቃል። ነጻ ነው። ሥራው እንዲህ ነው። ፊቸሩን ከሰርቨር ማኔጀር ይጭኑታል። ባክአፕ ዋንስ ብለው፣ ከስተም የሚለውን ይመርጣሉ። ዳታቤዙ ያለበትን ድራይቭና ሎጉ ያለበትን ድራይቭ፣ ሁለቱንም ያስገባሉ። ከዚያ አድቫንስድ ሴቲንግስ ውስጥ ቪኤስኤስ ሴቲንግስ የሚል ገጽ አለ። ምርጫው ሁለት ነው፤ ፉል እና ኮፒ። ፉል የሚለውን ይምረጡ። ሥራው ሁሉ የሚበላሸው እዚህች ላይ ነው። ኮፒ ከሆነ ባክአፑ በትክክል ይወሰዳል፣ አረንጓዴ ምልክትም ያሳያል፣ ሎጉ ግን አንድም አይጠፋም። ለወራት «ባክአፕ አለን» እያለ ሎግ ሲከምር የሚከርም ቢሮ ብዙውን ጊዜ በዚህ የተያዘ ነው።

በቪም ወይም በሌላ የባክአፕ ሶፍትዌር ሙሉውን ቨርቹዋል ማሽን የሚወስዱ ከሆነም ያው ወጥመድ አለ። አፕሊኬሽን አዌር ፕሮሰሲንግ የሚለው ካልበራ፣ ኤክስቼንጅ ባክአፕ መወሰዱን ጨርሶ አያውቅም።

ባክአፑ የሚቀመጠው ሌላ ዲስክ ላይ መሆን አለበት። የኔትወርክ ሼር ላይ ካደረጉት፣ ዊንዶውስ ሰርቨር ባክአፕ አዲሱን ሲወስድ የፊተኛውን እንደሚደመስሰው ልብ ይበሉ። የሳምንታት ታሪክ የሚፈልግ ሰው የራሱ የሆነ ዲስክ ይስጠው።

ከመጀመርዎ በፊት ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ «ቪኤስኤስአድሚን ሊስት ራይተርስ» ብለው ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ራይተር የሚለውን ይፈልጉ። ስቴብል እና ኖ ኤረር ካለ ይቀጥሉ። ሌላ ነገር ካለ ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ሬፕሊኬሽን የሚለውን ሰርቪስ ሪስታርት ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። ለጥንቃቄ በምሳ ሰዓት ወይም ከሥራ ሰዓት ውጭ ያድርጉት።

ባክአፑ ሲያልቅ ኢቨንት ቪውወር ላይ ኢኤስኢ ከሚለው ምንጭ 224 ቁጥርን ይፈልጉ። ከዚህ እስከዚህ ያሉ ሎጎችን እየሰረዝኩ ነው ይላል። 225 ከሆነ የሚሰረዝ አላገኘሁም ማለት ነው። ሰርቨሮቹ ሁለት ሆነው ዳግ (የአንዱን ዳታቤዝ ኮፒ በየሰርቨሩ የሚይዝ ስብስብ) ውስጥ ካሉ፣ አንደኛው ኮፒ ስለቆመ ሊሆን ይችላል። ሌላኛው ኮፒ እስኪጤን ድረስ ሎግ አይጠፋም።

ዳታቤዙ ራሱን ዲስማውንት አድርጎ (ከሥራ ወጥቶ) ከሆነና ቦታ ማግኛ ካጡ አንድ የመጨረሻ መንገድ አለ። «ኢኤስኢዩቲል /ኤምኬ» የሚለውን ትእዛዝ ቼክፖይንት ፋይሉ (እስከ የትኛው ሎግ እንደተዛወረ የሚመዘግበው) ላይ ያስኬዱ። አንድ የሎግ ቁጥር ይሰጥዎታል። ከዚያ ቁጥር በፊት ያለው ሎግ ወደ ዳታቤዙ ተዛውሯል። ከእነዚያ ውስጥ በጣም አሮጌዎቹን፣ ከቁጥሩ ብዙ ርቀው፣ ወደ ሌላ ድራይቭ ያዛውሩ። ያዛውሩ ነው ያልኩት፣ አይሰርዙ። ዳታቤዙን ማውንት አድርገው (ወደ ሥራ መልሰው) ወዲያው ሙሉ ባክአፕ ይውሰዱ። ባክአፑ ሲሳካ ያዛወሩትን ያኔ ያጠፉታል። ዳግ ካላችሁ ይህን አትሞክሩት።

ሰርኩላር ሎጊንግ የሚባለውስ? ካበሩት ሎጉ ራሱን እያጸዳ ይሄዳል፤ ዲስክ አይሞላም። ዋጋው ግን አለ። ዳታቤዙ ቢበላሽ የሚመለሱት እስከ መጨረሻው ባክአፕ ብቻ ነው። ባክአፑ ዓርብ ማታ ከሆነና ዲስኩ ሐሙስ ከሞተ፣ የሳምንቱ ሜይል የለም። አንድ ሰርቨር ብቻ ላለው ቢሮ ለዘለቄታው አልመክረውም። ለጊዜው ግን ይጠቅማል፤ ለምን እንደሆነ አሁን እናያለን።

አራተኛ፦ ያበጠውን ዳታቤዝ ማሳነስ

ኢዲቢ ፋይል ማደግ እንጂ መቀነስ አያውቅም። ሠራተኛው ሜይል ሲያጠፋ መጀመሪያ ዲሊትድ አይተምስ ውስጥ ይገባል። ከዚያም ሲያጠፋው ካልተቀየረ በቀር 14 ቀን ተደብቆ ይቆያል፤ «በስህተት አጠፋሁት» ለሚል ሰው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ግን ባዶነቱ ፋይሉ ውስጥ ነው። ኤክስቼንጅ ለአዲስ ሜይል ይጠቀምበታል እንጂ ለዊንዶውስ አይመልስም። ስለዚህ ሜይል ማጥፋት ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ጥቅሙ ነገ እንዳያድግ ነው።

ምን ያህል ባዶ እንዳለ ለማየት ኤክስቼንጅ ማኔጅመንት ሼል ላይ «ጌት-ሜይልቦክስዳታቤዝ -ስቴተስ» ብለው፣ ዳታቤዝሳይዝ እና አቬይለብልኒውሜይልቦክስስፔስ የሚሉትን ዓምዶች ያውጡ። ፋይሉ 400 ጊጋ ሆኖ ባዶው 20 ጊጋ ከሆነ አይልፉ፤ ሁሉም የሰው ሜይል ነው። ባዶው 200 ጊጋ ከሆነ መሥራት ያዋጣል።

የድሮ ሰዎች የሚያውቁት «ኢኤስኢዩቲል /ዲ» የሚለውን ነው። ዳታቤዙን አውርደው ያስኬዱታል፣ ሰዓታት ይፈጃል፣ እስኪያልቅ ሜይል የለም። ከሚወጣው አዲስ ፋይል 110 በመቶ የሚያህል ክፍት ቦታም ይፈልጋል። ዲስክ የጎደለው ሰው ይህን ከየት ያመጣል?

የተሻለው አዲስ ዳታቤዝ ሌላ ድራይቭ ላይ ፈጥሮ ሜይልቦክሶቹን «ኒው-ሙቭሪክዌስት» እያሉ ማዛወር ነው። ሰዉ ሥራውን እየሠራ ይዛወራል፤ መጨረሻ ላይ አውትሉክን ዝጋና ክፈት ይለዋል፣ በቃ። ስታንዳርድ ኤዲሽን 5 ዳታቤዝ ይፈቅዳል፣ ስለዚህ ቦታው አለ።

ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው። 100 ጊጋ ሜይል ሲያዛውሩ አዲሱ ዳታቤዝ ላይ ወደ 100 ጊጋ የሚጠጋ ሎግ ይወለዳል። ቦታ ለማግኘት ተነስተው ሌላ ዲስክ ይሞላሉ። ለዚህ ነው አዲሱ ዳታቤዝ ላይ ሰርኩላር ሎጊንግን ለጊዜው የሚያበሩት። ያበሩትን ወይም ያጠፉትን ለማስያዝ ዳታቤዙን ዲስማውንት አድርገው መልሰው ማውንት ያድርጉ። ዝውውሩ ሲያልቅ ያጠፉትና ሙሉ ባክአፕ ይወስዳሉ። ሁሉንም በአንድ ሌሊት ከማዛወር በየማታው አሥርም ሃያም እያሉ መሄድ ይሻላል።

አሮጌውን ዳታቤዝ ለመሰረዝ ሲሞክሩ «ውስጡ ሜይልቦክስ አለ» ብሎ እምቢ ሊል ይችላል። ሰው አይደለም፤ የሲስተሙ የራሱ ሜይልቦክሶች ናቸው። «ጌት-ሜይልቦክስ -አርቢትሬሽን» ብለው ያውጧቸውና እነሱንም ያዛውሩ። ዳታቤዙን ከኤክስቼንጅ ካስወገዱ በኋላም የኢዲቢ ፋይሉ ዲስክ ላይ ይቀራል። ሁለት ሦስት ቀን አቆይተው፣ ማንም ካልጮኸ፣ በእጅ ይሰርዙት።

አምስተኛ፦ ምንጩን መድፈን

የእኛ ቢሮ ሜይል የሚያድገው በጽሑፍ አይደለም፣ በስካን ነው። ደብዳቤ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማህተምና ቲተር አርፎበት፣ እንደገና ስካን ተደርጎ ይላካል። ከሥሩ ግልባጭ ለእገሌ፣ ግልባጭ ለእገሌ። ስካነሩ ደግሞ በቀለምና በ600 ዲፒአይ ላይ ተደርጎ ማንም አልነካውም።

ሒሳቡን እንየው። በ200 ዲፒአይ የተነሳ ኤ4 ገጽ ወደ 3.9 ሚሊዮን ነጥብ አለው። በ600 ከሆነ ወደ 35 ሚሊዮን። ዘጠኝ እጥፍ ነው፣ የሚነበበው ግን ያው ደብዳቤ ነው። ከኤክስቼንጅ 2010 ወዲህ ደግሞ አንድ አታችመንት ለብዙ ሰው ሲላክ በየሰዉ ሜይልቦክስ ለየብቻው ይቀመጣል። 5 ሜጋ የሆነ ደብዳቤ ለ40 ሰው ከተላከ 200 ሜጋ ዳታቤዝ ላይ፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ሎግ ላይ። ለዕንቁጣጣሽ መልካም ምኞት በምስል ለሁሉም ሠራተኛ ሲላክስ?

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ወደ ስካነሩ ይሂዱ። 200 ዲፒአይ ላይ ያድርጉት። ማህተሙ ሰማያዊ ሆኖ እንዲታይ የሚሹ ክፍሎች ስላሉ ቀለሙን መንጠቅ አያስፈልግም፤ ጥራቱን መቀነሱ ይበቃል። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ከማንኛውም ኮታ (የሜይልቦክስ መጠን ገደብ) ይበልጣል።

ወደ ውጭ የሚላክ አታችመንት በመንገድ ላይ ወደ ጽሑፍ ስለሚለወጥ በሲሶ ያድጋል። 8 ሜጋ የሆነው ከ10.5 ሜጋ በላይ ይሆንና 10 ሜጋ ብቻ የሚቀበል ሰርቨር ይመልሰዋል። «ፋይሌ ከ10 ሜጋ በታች ነው እኮ» ለሚል ሠራተኛ መልሱ ይህ ነው። ትልቅ ፋይል የጋራ ፎልደር ላይ ተቀምጦ አድራሻው ብቻ ይላክ።

ኮታን በተመለከተ፣ ዳታቤዙ ሲፈጠር 1.9 ጊጋ ላይ ማስጠንቀቂያ፣ 2 ጊጋ ላይ መላክ መከልከል፣ 2.3 ጊጋ ላይ መቀበልም መከልከል ተብሎ ነው የሚመጣው። ብዙ ቢሮ አለቆች ሲያማርሩ «አንሊሚትድ» ያደርገዋል። አያድርጉት። ከፍ ያድርጉት እንጂ ጣሪያ ይኑረው። ለአለቃም ቢሆን 20 ጊጋ የሚል ቁጥር ይጻፍ።

ሜይሉን በፒኤስቲ (የአውትሉክ የሜይል ማከማቻ ፋይል) አውጥቶ ላፕቶፕ ላይ ማስቀመጥን ፈውስ አድርገው የሚያዩት አሉ። የሰርቨሩን ጭነት ያቀላል፣ እውነት ነው። ግን ላፕቶፑ የተሰረቀ ዕለት የአምስት ዓመት ሜይል አብሮ ይሄዳል። ፒኤስቲውን የኔትወርክ ሼር ላይ ከፍቶ መሥራት ደግሞ ፋይሉን ያበላሻል፤ ማይክሮሶፍትም አይደግፈውም።

ስድስተኛ፦ በየሳምንቱ የሚታይ

ረጅም ዝርዝር ማንም አይከተልም። ሰኞ ጠዋት ሦስት ነገር ይዩ፤ የየድራይቩን ክፍት ቦታ፣ የሎግ ፋይሉን ብዛት፣ እና ላስትፉልባክአፕ የሚለውን ቀን። ሦስተኛው ከሁለቱ ይበልጣል። ቀኑ ከሳምንት በላይ ከቆየ ሌላውን ትተው እሱን ያስተካክሉ። በሦስት ወር አንዴ ደግሞ አንድ ሜይልቦክስ ከባክአፑ መልሰው ይሞክሩ።

ዲስኩ 80 በመቶ ሲደርስ ማስጠንቀቂያ የሚልክ ትንሽ ስክሪፕት ታስክ ስኬጁለር ላይ ያስቀምጡ። መልእክቱ ግን በዚያው ሜይል ሰርቨር በኩል እንዳይመጣ። ሰርቨሩ የቆመ ዕለት ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይቆማል። የቴሌግራም ቦት ወይም ኤስኤምኤስ ይሁን።

አንቲቫይረሱ የዳታቤዙንና የሎጉን ፎልደር እንዳይነካ ኤክስክሉድ ይደረግ። አንድ ሎግ ቫይረስ መስሎት ቢያግደው ዳታቤዙ ይወርዳል። ዩፒኤሱም ባትሪው ሲያልቅ ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋው ይታሰር፤ ዝም ብሎ እስኪሞት መጠበቅ የለበትም።

የበጀት ዓመቱ መዝጊያና መክፈቻ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ፣ ሪፖርትና ዕቅድ የሚዘንብበት ጊዜ ነው። የዲስክ ግዥ ጥያቄ ከዚያ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ይግባ፤ ግዥ ክፍል ምን ያህል እንደሚፈጥን እናውቃለን።

ኤክስቼንጅ 2016 እና 2019 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ድጋፍ አልቆባቸዋል። እስካሁን 2016 ላይ ያለ ቢሮ ወደ ሰብስክሪፕሽን ኤዲሽን የሚሻገረው አዲስ ሰርቨር አቁሞ ሜይልቦክሶቹን በማዛወር ነው። ይህን በቅርቡ ለማድረግ ካሰባችሁ አራተኛውን ደረጃ ዝለሉት፤ ዳታቤዙ አዲሱ ሰርቨር ላይ ባዶውን ቦታ ጥሎ ነው የሚደርሰው። 2019 ላይ ያላችሁ ግን እዚያው ላይ አሻሽላችሁ ስለምትሄዱ ያበጠው ዳታቤዝ አብሯችሁ ይቀጥላል፤ መጀመሪያ እሱን አሳንሱት።